ደንገሌ ላይ ሊተከል የነበረ አገር

ሊዝበን፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ እናትዓለም
ባሕር ዳር

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የልጆችዎን የባምላክንና የቃልኪዳንን ጤና እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ክረምቱን እንዴት አለፋችሁት? ጉልበትዎ እንደገና እንደተነሣብዎ ቃልኪዳን ነግራኛለች። እባክዎ ደረጃ አይውጡ። ስልኩ ይሠራል እያልኩ ስሞክር ከረምኩ፤ አልሆነም። ስለዚህ እንደ ድሮው በደብዳቤ ይሁን ብያለሁ። ቃልኪዳን ለማስተማር ኮሌጅ ስትገባ ኔትወርክ ታገኛለችና ይህን አትማ ትስጥዎታለች። እርስዎም በእጅዎ ጽፈው ይስጧት፤ ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች።

አዲስ ሥራ ይዣለሁ። «ነፃ ዳርቻ» የሚባል ማኅበር ነው፤ ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ባለጠጎች ያቋቋሙት። ሐሳባቸው በመጀመሪያ ሲሰሙት እብደት ይመስላል፤ አዲስ አገር መመሥረት ነው። ቀልዴን አይደለም። ግብር የማይከፈልበት፣ ሹም የማያዝዝበት፣ ሰው ከሰው ጋር በፈረመው ውል ብቻ የሚኖርበት አገር። ማንም ማንንም ሳያስገድድ። እርስዎ መታወቂያ ለማሳደስ ብቻ ቀበሌ እየተመላለሱ የተጉላሉትን ያስታውሱ። እንዲህ ያለ ነገር የሌለበት አገር ያስቡ።

የጎደላቸው ቦታ ነው። የእኔ ሥራም ቦታ መምረጥ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ባሕር ላይ የብረት መድረክ አቁመው ነበር። ጨዋማው ውኃ እግሩን በላውና ዘመመ፤ ሰዎቹን የጠረፍ ጠባቂ ለቅሞ አወጣቸው። ቀጥሎ ሁለት ጎረቤት አገሮች ሁለቱም «የእኔ አይደለም» የሚሉት በረሃ ሄዱ። ውኃ የለውም። ከዚያ ወንዝ መካከል ያለች ደሴት ላይ ሰንደቅ ተከሉ፤ ፖሊስ በጀልባ መጥቶ ነቀለው። አሁን ጨው የሌለው ውኃ፣ ደህና አየርና ቅርብ የአውሮፕላን ማረፊያ ያለው የሐይቅ ዳርቻ ይፈለጋል። ይህን ስሰማ ምን ትዝ እንዳለኝ ሳይገምቱ አይቀሩም።

ደንገሌ። የእናቴ አገር። ካርታው ላይ ሳየው እንደ አውራ ጣት ወደ ጣና የገባ ነው፤ በሦስት በኩል ውኃ፣ በአንድ በኩል ረግረግ። ለማኅበሩ አሳየኋቸው፤ በጣም ወደዱት።

ልመናዬ ይህ ነው። እዚያ አሁን ስንት ቤተሰብ ይኖራል? ውኃው ይጠጣል? ከአጎቴ ከመሪጌታ በቀር በሰው ዘንድ የሚሰማ ማን ነው? ደህና ካሳ ቢሰጠው ነዋሪው ለመነሣት ፈቃደኛ ይሆን ይመስልዎታል? ነገሩ እስኪጣራ ለማንም ባይነግሩ እወዳለሁ።

ጉልበትዎን የሚስመው ልጅዎ
አምሐ


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአምሐ

የደንገሌው ጊዮርጊስ ከፊትህ ይቅደም። እመቤቴ በምትሄድበት ሁሉ ጥላ ትሁንህ። ክፉ ሰው መንገድህን አይወቀው፤ ከሰው አገር እንጀራ ደዌ አይግባብህ። እኛ በቸርነቱ አለን። ቃልኪዳን ታስተምራለች፤ ባምላክ ሥራ ያፈላልጋል። እኔም ከፋብሪካው ክሊኒክ ጡረታ ወጣሁ እንጂ ከነርስነት አልወጣሁም። የሰፈሩ ሰው መርፌውን ይዞ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው።

ውኃው ይጠጣል ወይ ላልኸኝ፣ ወንድሜን ልጠይቅ በዚህ ወር ሄጄ ስለነበር ያየሁትን ልንገርህ። ጀልባችን ደንገሌ ሳይደርስ ሽታው ተቀበለን። እምቦጭ የሚሉት አረም ዳርቻውን ሁሉ ሸፍኖት የለመለመ መስክ ይመስላል፤ ከብት የሚሰማራበት ነው የምትለው። ከሥሩ ግን ይበሰብሳል። የሞተ ዓሣ፣ ጥቁር አተላ፣ ትንኝ። ሰዉ እስከ ደረቱ ገብቶ በእጁ እየጎተተ ያወጣዋል። ያወጡት ደግሞ ዳር ላይ ተከምሮ ይተናል። የለበስሁትን ቀሚስ ደጋግሜ አጥቤው እንኳ ሽታው አለቀቀውም።

ገድሉን ታስታውሰዋለህ፤ ልጅ ሳለህ በታንኳው እየጫነ የሚያንሸራሽርህን። የእምቦጩን ነቀላ አሁን የሚያስተባብረው እሱ ነው። ካነሣኸው ዘንድ፣ በሰው ዘንድ የሚሰማው እሱ ነው። እሱና ሚስቱ ሸጊቱ እስካሁን ልጅ አላገኙም። ስምህን ሳነሣበት «አምሐ መቼ ነው የሚመጣ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ነዋሪው ለመነሣት ፈቃደኛ ይሆን ወይ የምትለውን መስመር ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አነበብሁት። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ነው። አምሐ፣ የማን ልጅ ነህ? ሰዉ ተነሥቶ የት ይሄዳል? አንተስ ማን ጠይቆህ ነው የአያትህን መንደር ለሰው ያሳየኸው?

መንግሥት የሌለበት አገር ትላለህ። እኔም በቀበሌ ወረፋ ስቆም ያልተራገምሁት ሹም የለም። ነገር ግን ያን እምቦጭ አንዱ ከደጁ ቢነቅለው ከጎረቤቱ ደጅ ተንሳፍፎ ይመለስበታል። ሁሉም አብሮ ስለገባ ነው ዛሬ ጀልባ መውጫ ያለ። ጌቶችህ ይህን በምን ውል ሊያደርጉት ነው? ጠይቃቸውና ጻፍልኝ።

አክስትህ እናትዓለም


ሊዝበን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ፤ ዓመቱን የጤና ያድርግልዎ።

ተቆጡኝ። ልክ ነዎት፤ አጻጻፌ ጥሩ አልነበረም። «ይነሣ» ስል በግድ ማለቴ አይደለም። ማኅበሩ በግድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ መሠረቱ ይህ ነው። የወደደ ይፈርማል፤ ያልወደደ አይፈርምም። የፈረመ መሄድም መቆየትም ይችላል። በቆየበት ቤቱ ይታደስለታል፣ መብራትና ክሊኒክ ያገኛል። እስካሁን ደንገሌ ክሊኒክ የሠራለት አለ? ለራስዎ ይመልሱ።

ከጥምቀት በኋላ ከሊቀመንበሮቹ አንዱ ሚስተር ቫልተር ቦታውን ለማየት ይመጣል። ከባምላክ ጋር ተነጋግረናል፤ የማኅበሩ ወኪል ሆኖ እንዲሠራ ተስማምቷል። ደመወዙ ጥሩ ነው። እስካሁን ያልነገረዎት እንዳይቆጡ ፈርቶ ይሆናል። ልጅዎ ዲግሪውን ይዞ ስንት ጊዜ ቁጭ አለ? በዚህ እንኳ ደስ ይበልዎት።

ስለ እምቦጩ የጻፉትን ለማኅበሩ አልነገርኩም። የሚታከም ነገር ነው፤ ከወዲሁ ልባቸውን ማሻከር አልፈለግሁም። እርስዎም እንግዳው ሲመጣ ባያነሡት ደስ ይለኛል። እባክዎ አብረው ይሂዱና ከመሪጌታ ጋር ያስተዋውቁት።

የሚያከብርዎ አምሐ


ባሕር ዳር፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአምሐ

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ።

እንግዳህ መጣ። ልጄ ወኪል መሆኑን ከአንተ ደብዳቤ ሰማሁ፤ እሱን ስጠይቀው «ልነግርሽ ነበር» አለኝ። አብሬያቸው የሄድሁት ስለለመንኸኝ አይደለም። ሰውየውን በዓይኔ ላየው ፈልጌ ነው።

ሽታውን እንዳላነሣ ብለህ ነበር። እኔ ምንም አላልሁ። እሱ ራሱ ገና ከጀልባው ሳይወርድ አፍንጫውን በሻርፕ ሸፈነ፤ እስክንመለስ አላወለቀውም። የጨበጠውን ሰው እጅ ሁሉ ከኪሱ በሚያወጣው ፈሳሽ አሸ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ! ሰው ጨበጠ፣ አሸ፤ ሰው ጨበጠ፣ አሸ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቁስል ሳጥብ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ንጽሕና አይገርመኝም። ይኸኛው ንጽሕና አይደለም።

ሕዝቡ ያን ቀን እምቦጭ ነቀላ ላይ ነበር። ቆሞ አየና ባምላክን ጠየቀው።

«ማን ነው ያዘዛቸው?»

«ማንም አላዘዛቸውም፤ ተነጋግረው ነው» አለው ባምላክ።

«ክፍያውስ?»

«የለውም።»

ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት አጨበጨበ። ያለ መንግሥት የሚሠራ ሕዝብ ይኸውና፣ እኛ የምንፈልገው ይህን ነው፣ ብሎ አወራ። እኔም ለአፍታ፣ ይህስ ሰው የገባው ነገር አለ ብዬ ነበር። ቀጥሎ ምን ብሎ እንደጠየቀ ታውቃለህ? ሰዎቹ መኖሪያቸው ከሐይቁ ርቆ ወዳለው ወደ መሸንቲ ቢዛወር፣ ቀን ቀን እየመጡ መንቀላቸውን ይቀጥላሉ ወይ አለ።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ወጣን። ወንድሜ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ከደጀ ሰላሙ ወጥቶ በደህና ተቀበለው። ሰውየው ዛፎቹን አደነቀ፣ ዕይታውን አደነቀ፤ መቃብሩን ሲያይ ግን ፊቱ ተቋጠረ። ከሁሉ የሚያምረው ቦታ ይህ ሆኖ ሳለ በሙታን ተያዘ አለ። ባምላክ እየተቅለሰለሰ ተረጎመው። «አጽሙን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል።»

«የማንን አጽም?» አለ ወንድሜ።

«የሁሉንም።»

ወንድሜ በመቋሚያው አመለከተ። «ያቺ የአምሐ እናት ናት። ከእሷ እንጀምር ወይ በለው።»

ባምላክ ይህን አልተረጎመለትም። መሬት መሬት ያያል። ሰውየው «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። ልጄ ምን ብሎ እንደመለሰለት እንግሊዝኛው ስለፈጠነብኝ አልሰማሁም፤ ሰውየው ግን ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ስንወርድ ገድሉ ቤት አረፍን። ሸጊቱ አርግዛለች፤ ከስንት ዘመን ስለት በኋላ። ጠላ ይዛ ስትወጣ ሰውየው ሆዷን አይቶ ከመቀመጫው ተነሣ። «የአዲሱ አገር የመጀመሪያ ተወላጅ!» ብሎ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣት፤ ሳይጠይቃት። ገድሉ ከፊቷ ሄዶ ቆመ። «በቃ፣ አሁን ውኃው ሳይነሣ ሂዱ» ብቻ አለ። ሰውየው ጠላውን አልቀመሰውም፤ ብርጭቆውን ከእግሩ ሥር ትቶት ሄደ፤ ሲጋራውን ያጠፋውም እዚያው ውስጥ ነው።

ይህ ነው እንግዲህ አገር መሥራችህ። እናትህ መቃብር ላይ ቆሞ ዕይታው ያምራል ያለ ሰው። ሥራውን ተው። ባምላክንም እንዲተው ጻፍለት፤ እኔን አልሰማኝም።

እናትዓለም


ሊዝበን፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ደብዳቤዎ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ መልሴም ዘገየ።

ሚስተር ቫልተር ጠባዩ ደረቅ ነው፤ እኔም አልወድደውም። ግን አንድ ሰው ማኅበሩን አይሆንም። የእናቴ መቃብር አይነካም፤ ይህን በጽሑፍ አስገብቻለሁ።

የቦታ መረጣው ኮሚቴ ተሰብስቦ ነበር። ከቀረቡት ቦታዎች ሁሉ ደንገሌ አንደኛ ወጥቷል። እኔ ያቀረብኩት ቦታ! ከዚህ በፊት እንደ እኔ ያለ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ቃሉ ተሰምቶ አያውቅም። አሁን ያለን ፈቃድ ለጥናት ብቻ ነው፤ ቀሪው በሂደት ይመጣል። ባምላክ እየበረታ ነው፤ ጫፉ ላይ ያሉት አብዛኞቹ አውራ ጣታቸውን አትመዋል። ገድሉ ብቻ አስቸግሯል ይላል። እባክዎ ያናግሩት። እሱ ከፈረመ ሌላውም ይከተላል። ባይፈርምም ግን ማንም አይነካውም፤ በቃሌ አረጋግጥልዎታለሁ።

አምሐ


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አምሐ

የዘገየሁት ቃልኪዳን ኔትወርክ አጥታ አይደለም። እጄ ለመጻፍ እንቢ ስላለኝ ነው።

ለግንቦት ልደታ ደንገሌ ሄጄ ወንድሜ ቤት ሰነበትሁ። ልጅህ ባምላክ፣ ልጄ ማለት አስጠልቶኝ ነው፣ የጀልባ መውጫው ያለበትን ጫፍ በሽቦ አሳጥሮታል። እሾህ ያለው ሽቦ። ቦታው የፈረመ ሰው ማሳ ስለሆነ በውሉ የማኅበሩ ሆኗል ተባለ። ከአንበሳሜ ከተማ የመጡ ጎረምሶች በጥበቃ ተቀጥረዋል። ሰሌዳም ተተክሏል፤ የማኅበሩ ውል የሌለው አያልፍም ይላል። ሰዉ ሁሉ ማሳው ላይ በዋለበት ቀን ነው ያጠሩት።

ማለዳ ገድሉ እየሮጠ መጣ። ሸጊቱ ምጥ ይዟታል። ስደርስ የሕፃኑ እጅ ቀድሞ ወጥቷል። ይህ በቤት የሚዋለድ ምጥ አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይሆንም። በየብስ የሚያወጣው የአንበሳሜ መንገድ ያን ሳምንት በጦርነቱ ዝግ ነበር። ያለን ጣና ብቻ ነው። ጀልባ ደግሞ ጫፉ ላይ ቆሟል፤ ባለጀልባውም አለ፤ ከሽቦው ወዲያ ሆኖ ያየናል።

በቃሬዛ ተሸክመናት ከበሩ ደረስን። ጥበቃው ልጅ ነው፤ ጢም እንኳ አላበቀለም።

«ውላችሁን አሳዩ» አለ።

«ሴትየዋን አታያትም?» አልሁት።

«አያለሁ እትዬ። የገድሉ ስም ግን የለም። ሳይፈርም ካሳለፍሁ እባረራለሁ። አለቃዬ ይፍቀድልኝ።»

«አለቃህ ማን ነው?»

«ጋሽ ባምላክ።»

ደወልን። ዝግ ነው። ደወልን። ዝግ ነው። ኋላ እንደሰማሁት ከዚያ ከቫልተር ጋር ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ቁርስ ላይ ነበር፤ እንዳይረበሹ ስልኩን አጥፍቶት። ጥበቃው «ገድሉ አሁን አውራ ጣቱን ያትምና ይለፍ፤ ወረቀቱ እዚህ አለ» አለ። ለደግነት ብሎ ነው ያለው፤ አስበው። ገድሉ ሚስቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ። «አምጣው» አለ። አተመ። ጥበቃው ደግሞ ምስክር ያስፈልጋል፣ ፎቶ ማንሣትም አለብኝ፣ የምልከው አልሄድ አለኝ፣ ሳይሄድ ደግሞ በሩ አይከፈትም ተብያለሁ አለ። ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኔትወርክ ይፈልጋል።

ቃሬዛውን ይዘን ሽቦውን ዞረን በረግረጉ በኩል ገባን። አምሐ፣ የነገርሁህ እምቦጭ ነው። እስከ ወገቤ። ከሥር የበሰበሰው እንደ ሙቅ አተላ ይይዛል፤ እግር ከገባ አይወጣም። ሽታው አስመለሰኝ። እያስመለሰኝ ራሷን ደግፌ ሄድሁ። ያ ውኃ ቃሬዛው ላይ እየወጣ ነካት። ሸጊቱ አልጮኸችም፤ «እትዬ እናትዓለም፣ ልብሴ ይቆሽሻል» አለችኝ። ይህን ብቻ ነው ያለችው።

ጀልባው ላይ ስናወጣት የቀደመው እጅ ሰማያዊ ሆኗል። ሞተሩ እምቦጭ ጠቅልሎ ቆመ፤ ገድሉ ገብቶ በቢላዋ ቆርጦ አስለቀቀው። ባሕር ዳር ሐኪሞቹ ወዲያው ተቀበሉን። እሷን አተረፏት። ልጁ ወንድ ነበር። መልኩ ቁርጥ ገድሉን።

ክርስትና ያልተነሣ ነውና ከቤታቸው ጓሮ ተቀበረ። ባምላክ መጣ። ጫማው ላይ ጭቃ አልነበረም። ማንንም ሳያይ ዶማ አንሥቶ መቆፈር ጀመረ። ገድሉ ቀስ ብሎ መጥቶ ዶማውን ከእጁ ወሰደበት። አልገፋውም፣ አልሰደበውም። ወሰደበትና ራሱ ቆፈረ። ልጄ እጁን አንጠልጥሎ ቆሞ ቀረ። እኔም እናቱ አጠገቡ ሄጄ ልቆም አልቻልሁም።

«ባይፈርምም ማንም አይነካውም» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር።

እናትዓለም


ሊዝበን፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ

ለገድሉና ለሸጊቱ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይበሉልኝ። ለእነሱ የሚሆን ነገር በቃልኪዳን በኩል ልኬያለሁ።

ደብዳቤዎን ተርጉሜ ለኮሚቴው አነበብኩት። ሲያልቅ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ሐዘን መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንዷ ተነሥታ ጥበቃዎቹ የተቀጠሩት በማኅበሩ ነው ወይስ በወኪሉ ብላ ጠየቀች። በወኪሉ ከሆነ ኃላፊነቱ የእሱ ነው ተባለ። ቫልተር «በጣም ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሰዎቹ በወቅቱ ውል አልነበራቸውም» አለ። ሌላው ደግሞ አባትየው በመጨረሻ ካተመ ውሉ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይጸናል ብሎ ክርክር አነሣ። በዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ተከራከሩ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የሸጊቱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጠላ ይዛ፣ ሆዷ ገፍቶ። «ነፃ ሆኖ የሚወለድ ትውልድ» ይላል ከሥሩ።

በመጨረሻ ደንገሌን ጣሉት። ምክንያቱን ይስሙ። እምቦጩ ነው። ሽታውና የማጽጃው ወጪ። እኔ ላይ ተነሡ፤ ጮኹብኝም። የተቆጡት ግን ስለ ሕፃኑ አይደለም፤ እምቦጩን ስለደበቅኳቸው ነው። ከዚያ ምሳ ቀረበ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለስኩ፤ አፌን ታጥቤ ተመልሼ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ይህን ለእርስዎ የምጽፈው ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ሌላ ሐይቅ መርጠዋል። ከእኛ በስተደቡብ ያለ አገር ነው፤ መንደሩ ትንሽ ነው፣ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። ጥናቱን እንድመራ ሾመውኛል። እንቢ ብል ሌላ ሰው ይልካሉ። እኔ ካለሁበት ቢያንስ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም መከላከል እችል ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የቦታውን ስም ልነግርዎ አልችልም፤ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሜያለሁ።

ምን ይመክሩኛል?

አምሐ


ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የላክኸውን ገድሉ አልነካውም፤ ተመልሶልሃል።

ሽቦውን የደንገሌ ሰው ነቅሎ ጣለው። ባምላክ ጠዋት ጠዋት በጀልባ እየሄደ እምቦጭ ይነቅላል። ማንም ና አላለው፤ ማንም ሂድም አላለው። ምሳ ሲበሉ ለብቻው ይቀመጣል አሉ። ማታ ሲመጣ ያ ሽታ አብሮት ይገባል። ውኃ አሞቅለታለሁ፤ አላናግረውም።

ሸጊቱ ተነሥታለች። ጡቷ ወተት ሞልቶ ሲያሠቃያት በጎመን ቅጠል አስሬላት ነበር። ይህንንም ለኮሚቴህ አንብብላቸው።

ምን ይመክሩኛል ትላለህ። ምክር አልሰጥህም፤ ባስመለስህ ማግስት ሹመት ለተቀበልህ ሰው ምክር የለኝም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የዚያን መንደር ስም ላክልኝ። ውል ፈርሜያለሁ አትበለኝ። በነፃ አገርህ የአንድ መንደር ስም ከአፍህ ማውጣት የማትችል ከሆነ ምኑ ነው ነፃው?

ስሙን ካልላክህ ሌላ ደብዳቤ አትላክልኝ። ቃልኪዳን አታትመውም።

እናትዓለም


ሊዝበን፣ መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ

ሉዌንጃ ይባላል። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ነው። ሐኪም ቤት የላቸውም፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አላቸው፤ አድራሻው ከዚህ ጋር አለ። ርእሰ መምህሯ እንግሊዝኛ ታነባለች።

ከማኅበሩ ወጥቻለሁ። ስሙን መናገሬን ሲያውቁ ይከሱኛል፤ ይክሰሱኝ። ይህን የጻፍኩት ይቅር እንዲሉኝ ብዬ አይደለም። ጥናቱን የሚመራ ሌላ ሰው ቀጥረዋል። በኅዳር ይሄዳሉ።

አምሐ


ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

በሉዌንጃ ለምትኖሩ እናቶችና እኅቶቼ፣ ይህን ለምታነቢላቸው መምህርት

የፈጣሪ ሰላም በቤታችሁ፣ በጀልባችሁና በመረባችሁ ላይ ይሁን። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ እርጉዞቻችሁ በሰላም ይገላገሉ። እኔን አታውቁኝም። እናትዓለም እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የምኖረው ጣና በሚባል ሐይቅ ዳር ነው። ይህን በአማርኛ የጻፍሁትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ልጄ ቃልኪዳን ናት።

በኅዳር ወር እንግዶች ይመጡባችኋል። ስለ ነፃነት ያወራሉ። ማንም አያስገድዳችሁም ይሏችኋል፤ ሲሉትም የሚያምኑት ይመስላሉ። ከመካከላችሁ ሥራ ያጣ፣ የተማረ ልጅ ፈልገው ይቀጥራሉ። በእሱ አትፍረዱበት፤ አስቀድማችሁ አናግሩት። እኔ የራሴን ልጅ ሳላናግረው ነው የዘገየሁት።

ፎቶ እንዲያነሷችሁ አትፍቀዱ። መቃብራችሁን አታሳዩአቸው። ወረቀት ሲያመጡ ለብቻ ለብቻ አታናግሯቸው፤ ሁላችሁም ባላችሁበት ይነበብ። እኛ ዘንድ ከሁሉ አስቀድመው ያጠሩት እርሻ አይደለም፣ ቤትም አይደለም፤ የጀልባ መውጫውን ነው። ያን ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት ነበረችን። ልጇ ሞተ። ስሟ ሸጊቱ ነው፤ ይህን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች። አጠገቤ ተቀምጣ ስጽፍ ታየኛለች።

አጥሩ የሚቆመው በአንድ ጠዋት ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ ሳለ። ስለዚህ እኅቶቼ፣ ተራ ግቡ። መውጫው ላይ ሰው አይጥፋ።